ከጣቢያ ወጥቶ ቤት መግባት

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ ጠጥቶ ሲያሽከረክሩ መያዝ። በሦስቱም ሰው አልሞተም፣ አልቆሰለም። ሦስቱም ጸሐፊዎች ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ሰርዣለሁ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ ቁጥር ስጠቅስ የየት አገር እንደሆነ እናገራለሁ። የራሳችሁን መዝገብ ግን እዚያው ያለ ጠበቃ ይየው። በጥብቅና ሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያሉ ብዙ ጉዳዮች በእጄ አልፈዋል። በሐሳቤ የቀረው ከፍርዱ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። መልሴም ወደዚያ ያደላል።

«ለባለቤቴ ሆስፒታል ነው ያደርኩት አልኳት»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። በአንድ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ስሆን የምነዳው መኪና የድርጅቱ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አመሸሁ። ሞቅ ብሎኝ ነበር እንጂ አልሰከርኩም። ቤቴ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ትራፊክ አስቆመኝ። መሣሪያውን አስነፋኝ፣ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ጣቢያ አደርኩ፣ ጠዋት በዋስ ወጣሁ። ለባለቤቴ ጓደኛዬ ታሞ ሆስፒታል ነው ያደርኩት፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ነበር አልኳት። አለቃዬም አያውቅም። ፍርድ ቤት የምቀርብበት ቀን እየደረሰ ነው። ማንንም አልጎዳሁም። ያን ቀን ከእኔ በላይ የጠጡ ሰዎች በሰላም ቤታቸው ገብተዋል፤ የእኔ ዕድል ሆኖ ነው። ይህ ነገር ሪከርዴ ላይ ይቀራል? ለአለቃዬስ መንገር አለብኝ? ባለቤቴ ሳትሰማ ሊያልፍ ይችላል?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። አያልፍም። ባለቤትህ ትሰማለች። ከአንተ ትስማ ወይስ ከሌላ ሰው፣ በእጅህ ያለው ይህ ብቻ ነው።

እስቲ አስበው። ዋስ የሆነህ ሰው ያውቃል። መጥሪያ ወይም የኢንሹራንስ ደብዳቤ ቤት ሊመጣ ይችላል። መንጃ ፈቃድህ ከታገደ ልጅህን ጠዋት ማን ትምህርት ቤት ያደርሳታል? «መኪናው ጋራዥ ነው» ትላለህ። በሳምንቱስ? በወሩስ? ታሟል ያልከው ጓደኛህ ደግሞ አንድ ቀን ቤትህ ይመጣል። ባለቤትህም «ተሻለህ ወይ?» ትለዋለች።

ባልና ሚስት ቢሮዬ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሚስቲቱ ስለ ጣቢያው ብዙም አታወራም። እየደጋገመች የምትመለሰው ወደዚያ ሌሊት ነው። «ስንት ቦታ እንደደወልኩ ታውቃለህ? የሞትክ መስሎኝ ነበር እኮ» ትላለች። ያንተም ባለቤት ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋች እስካሁን አልጠየቅካትም። የምትጠይቃት እውነቱን ከነገርካት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ብትጠይቅም መልሷ የሚሆነው ስለ ሆስፒታሉ ነው።

ስለዚህ ቀን አትቁጠር። ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተህ ንገራት። አጭር ይሁን። «ያን ቀን ሆስፒታል አልነበርኩም። ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ጣቢያ ነው ያደርኩት። ዋሽቼሻለሁ።» ከዚያ ዝም በል። ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ባልደረቦችህ ግፊት፣ ስለ ሥራ ጭንቀትህ አትጀምር። እነዚያን ከተናገርክ የምታጽናናህ እሷ ትሆናለች። መጽናናት ያለባት ግን እሷ ናት።

ከምትጠይቅህ ውስጥ አንዱን አስቀድሜ ልንገርህ። «ልጄን ይዘህ እንዲህ ነድተህ ታውቃለህ?» እናቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይጠይቃሉ። ዝም ብለህ መልስ ከመፈለግህ በፊት ለራስህ በደንብ አስታውስ። መልሱ «አዎ» ከሆነ «አዎ» በል። ይህን መስማት ከባድ ነው፣ መናገሩም ከባድ ነው። ግን ያን ሌሊት መኪናው ውስጥ ልጅህ ብትኖር ኖሮ ጉዳዩ ምን ያህል ይለወጥ እንደነበር ሁለታችሁም የምታዩት ያኔ ነው። በብዙ አገር ሕግም ልጅ ጭኖ ጠጥቶ መንዳት ቅጣት ያከብዳል።

ከነገርካት በኋላ ብታኮርፍ፣ ቀናት ቢያልፉ ሳታናግርህ፣ መብቷ ነው። ዘመድ ሰብስበህ «ይቅር በይው» አታሰኝባት። በራሷ ጊዜ ትምጣ።

ወደ አለቃህ ልለፍ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ለየት ይላል። መጀመሪያ ጠበቃ አነጋግር፣ ቀጥሎ የሥራ ውልህን አንብብ፣ ከዚያ ለአለቃህ ንገር። ሦስቱንም ከፍርድ ቤት ቀጠሮው በፊት ጨርስ። የድርጅት መኪና የሚነዳ ሰው ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ «የመንጃ ፈቃድ ሁኔታ ከተለወጠ ወዲያው ማሳወቅ» የሚል አንቀጽ አለ። መኪናው ኢንሹራንስ የተገባለትም ፈቃድ ያለው ሰው እንዲነዳው ታስቦ ነው። ፈቃድህ ታግዶ ሳለ ድንገት ብትነዳና አደጋ ቢደርስ ድርጅቱ ራሱ ችግር ውስጥ ይገባል። ያኔ ከሥራ መባረርህ ቀላሉ ነገር ይሆናል።

አለቃህ ፊት ባዶ እጅህን አትቅረብ። ፈቃድህ ቢታገድ እንዴት እንደምትሠራ አስበህ ግባ። ደንበኞችን በስልክ መያዝ ትችላለህ? ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተጣምራችሁ መውጣት ይቻላል? ለጊዜው ወደ ቢሮ ሥራ መዛወርስ? እርግጥ ነው፣ ይህም ሆኖ ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። ልደብቅህ አልፈልግም። ግን «ጠጥቶ ተያዘ» ተብሎ መውጣትና «ተይዞ ደበቀን» ተብሎ መውጣት ሌላ ሥራ ስትፈልግ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ይቅር ብሎ የሚቀጥር አለቃ አይቻለሁ። ሁለተኛውን ግን አላየሁም።

ስለ ሪከርዱ የጠየቅከኝ ሰፊ ነው። በብዙ አገር ይህ ጥፋት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ የወንጀል ክስ ነው። ከፍለህ ደረሰኝ ይዘህ የምትወጣበት ነገር አይደለም ማለት ነው። ስንት ጊዜ ይቆያል ላልከኝ የብሪታንያን ልንገርህ። እዚያ ጠጥቶ ነድቶ የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ለ12 ወር ፈቃዱን ያጣል። በ10 ዓመት ውስጥ ቢደግመው እገዳው ቢያንስ 3 ዓመት ነው። ጥፋቱ ደግሞ በመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ላይ ለ11 ዓመት ይቀመጣል። በጀርመን በ1 ሊትር ደም 1.6 ግራም አልኮልና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው ፈቃዱ እንዲመለስለት የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ ማለፍ አለበት። በብዙ አገሮችና ግዛቶች ደግሞ መኪናው ላይ የትንፋሽ መለኪያ ይገጠማል። ሞተሩ የሚነሳው ከነፉበት በኋላ ነው። ልጅህ ከኋላ ተቀምጣ «አባዬ፣ ለምንድን ነው የምትነፋው?» ማለቷ አይቀርም። ይህን ሁሉ የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። የገንዘቡ መቀጮ ብቻ መስሎህ እንዳትቀመጥ ነው።

ኢንሹራንስም ዋጋ ይጨምራል፣ አንዳንዴም አልቀበልም ይላል። አደጋ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በብዙ ውሎች መሠረት ለራስህ መኪና ጉዳት አይከፍልም። ለተጎዳው ሰው የከፈለውንም መልሶ ከአንተ ሊጠይቅ ይችላል። «ማንንም አልጎዳሁም» ስትል ይህንንም አብረህ አስበው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላው ነገር የውጭ ጉዞ ነው። ካናዳ ከታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ጥፋት የሚጣለውን ከፍተኛ ቅጣት 10 ዓመት እስር አድርጋለች። በዚህም ምክንያት እንደ ከባድ ወንጀል ስለሚታይ የተፈረደበት የውጭ ሰው እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። አሜሪካ ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ጠጥቶ በመንዳት የተያዘን ሰው ቪዛ፣ ገና ሳይፈረድበትም፣ ልትሰርዝ ትችላለች። ቅጽ ስትሞላ «ተይዘህ ታውቃለህ?» እና «ተፈርዶብህ ያውቃል?» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን አትርሳ። የተጠየቅከውን በትክክል መልስ። በካናዳ ቅጽ ላይ ሐሰት መጻፍ ብቻውን ለ5 ዓመት ያስከለክላል።

አሁን ደብዳቤህ ውስጥ ያስጨነቀችኝን ቃል ላንሳ። «የእኔ ዕድል ሆኖ ነው» ብለሃል። ወንድሜ፣ ይህን ቃል ተወው። ዕድል ካልከው የሚቀጥለው ጥንቃቄህ ትራፊክ የሌለበትን መንገድ መምረጥ ይሆናል። «ሞቅ ብሎኝ ነበር እንጂ አልሰከርኩም» ማለትህም እንደዚያው ነው። አልኮል መጀመሪያ የሚነካው ማመዛዘንን ነው። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ብሎ የሚፈርደው አእምሮ ራሱ የተነካው አእምሮ ነው። እግርህ ሳይንገዳገድ፣ ምላስህ ሳይተሳሰር፣ ድንገት መንገድ የገባን ሰው አይተህ ፍሬን እስክትይዝ ያለችው ጊዜ ረዝማለች። አንተ አይሰማህም። ቤት ልትደርስ ትንሽ ሲቀርህ መያዝህን ጽፈሃል። የሰፈር ልጆች የሚሻገሩትም እዚያው ነው።

አንድ ነገር ብቻህን ሆነህ አድርግ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል የ10 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ስንት ጊዜ ትጠጣለህ፣ አንዴ ከጀመርክ ማቆም ያቅትሃል ወይ፣ ሰው «ቀንስ» ብሎህ ያውቃል ወይ፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። ድምሩ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም አነጋግር። ጠበቃህም ቢሆን ይህን እንድታደርግ ይወዳል፤ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ በራስ ፈቃድ እርዳታ መጀመር ዋጋ አለው። ግን ለዳኛው ብለህ አታድርገው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብቻህን አታቁም። መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም ያግዝህ።

ከተያዙ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለብዙ ሰው ከባድ ናቸው። ኀፍረቱ ሌሊት ይመጣል። እንቅልፍ እንዲወስድህ ብለህ አትጠጣ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቅ። ባለቤትህን ቀስቅሳት፣ ወይም ሐኪም ጋ ሂድ። እሷ ልትቆጣህ ትችላለች። መሞትህን ግን አትፈልግም፤ ያን ሌሊት የፈራችው እሱን ነበርና።

«‘እኔ ነበርኩ የምነዳው’ በይልኝ አለኝ»

ለዚህች እህት መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅኩም። በስልክ ቀድሜ መልሼላታለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ስለሚደርሰኝ በፈቃዷ እዚህ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ እጅግ ተጨንቄ ነው የምጽፍልዎ። ታላቅ ወንድሜ ሾፌር ነው፤ እንጀራው መሪ ላይ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያስተማረኝ እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከዘመድ ቤት ስንመለስ ጠጥቶ ነበር። ‘እኔ ልንዳ’ ብለው እምቢ አለኝ። መኪናው መንገድ ስቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለታችንም ወርደን ቆመን ሳለ ፖሊስ ደረሰ። እሱን ወሰዱት። እኔ ደግሞ ነገ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ሲደውልልኝ ‘አንቺ አልጠጣሽም፤ እኔ ነበርኩ የምነዳው በይልኝ፣ አንቺን ምንም አያደርጉሽም’ አለኝ። እናታችንም እያለቀሰች ትለምነኛለች። እምቢ ብል ውለታ ቢስ የምሆን እየመሰለኝ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አታድርጊው።

ወንድምሽ «ምንም አያደርጉሽም» ያለው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን ስህተት ነው። መርማሪ የሾፌሩ ወንበር ለማን ቁመት እንደተስተካከለ ያያል። መስታወቱን ያያል። የደኅንነት ቀበቶ የማንን ትከሻ እንደላጠ ያያል፣ መሪ የያዘው ሰውና ከጎኑ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ትከሻቸው የሚላጠው በተለያየ ወገን ነው። የመንገድ ካሜራ አለ። ከዘመድ ቤት ስትወጡ የሸኟችሁ ሰዎች አሉ። ቀድሞ የደረሰው አላፊ አግዳሚም ማን ከየት በር እንደወረደ አይቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ከአንድ ተከሳሽ ሁለት ይሆናል። እናታችሁም በአንድ ልጅ ፋንታ ለሁለት ልጅ ታለቅሳለች።

የማርከስ አይንፌልድን ታሪክ ልንገርሽ። በአውስትራሊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. መኪናቸው ከተፈቀደው ፍጥነት በ10 ኪሎ ሜትር አልፎ በካሜራ ተያዘ። ቅጣቱ 77 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። እሳቸው ግን «የምትነዳው ወዳጄ ነበረች» ብለው ማሉ። ሴትየዋ ከዚያ በፊት የሞተች መሆኗ ተደረሰበት። በ2009 በሐሰት መማልና ፍትሕን በማጣመም 3 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በብሪታንያም ሚኒስትር የነበረው ክሪስ ሁን በ2003 የፍጥነት ጥፋቱን በያኔዋ ባለቤቱ በቪኪ ፕራይስ ስም አስመዘገበ። በ2013 ሁለቱም እያንዳንዳቸው 8 ወር ተፈረደባቸው። እሷ በትዳሯ ግፊት ያደረግኩት ነው ብላ ተከራከረች፤ ፍርዱን የሰጡት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) አልተቀበሏትም። እነዚህ የፍጥነት ጉዳዮች ናቸው። የወንድምሽ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ይህን ስልሽ ነገ ሄደሽ በወንድምሽ ላይ መስክሪ ማለቴ አይደለም። መዋሸትና አለመናገር የተለያዩ ናቸው። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ ወንድምና እህት አንዱ በሌላው ላይ ለመመስከር አይገደዱም። በሌሎች አገሮች ይህ መብት የለም። አንቺ ባለሽበት ምን እንደሆነ ነገ ከመግባትሽ በፊት ጠበቃ ይንገርሽ። ጠበቃው ግን የወንድምሽ ጠበቃ አይሁን። የእሱ ጠበቃ የሚጠብቀው የእሱን ጥቅም ነው።

ወንድምሽ የፈራው እንጀራውን ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ እውነት ነው። በሙያው ሾፌር የሆነ ሰው ከሌላው የበለጠ ይጎዳል። በአሜሪካ የከባድ መኪና ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ የቤት መኪና ጠጥቶ ነድቶ ቢፈረድበት እንኳ የሙያ ፈቃዱን ለ1 ዓመት ያጣል። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ የዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ «ምንም አይደለም» አትበይው። ነገር ግን ሐሰት መመስከርሽ ከታወቀ ፈቃዱንም ያጣል፣ ፍትሕ በማጣመምም ይከሰሳል። አንቺም ነገ ሥራ ስትቀጠሪ «ተፈርዶብሽ ያውቃል?» ስትባዪ «አዎ» ልትዪ ነው። ያስተማረሽ ለዚህ አልነበረም። ይህንኑ ንገሪው። በእነዚህ ቃላት፦ «ወንድምዬ፣ ሰው ያደረግከኝ አንተ ነህ። ያደረግከኝን ሰው እንዳጠፋ አትጠይቀኝ። ሌላውን ሁሉ አደርጋለሁ።»

ሌላው ሁሉ ደግሞ ብዙ ነው። ጠበቃ ፈልጊለት፣ ከቻልሽም ክፈዪለት። ሥራ በሚፈታበት ጊዜ የእናታችሁን ወጪ ሸፍኚ። ሐኪም ጋ የሚሄድ ከሆነ አድርሺው። መንጃ ፈቃድ ካለሽ እሱ እንዳይነዳ አንቺ ንጂለት። ውለታ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

እናትሽን አትቆጪያት። አንዱን ልጇን ለማዳን ሌላዋን ስትሰጥ አልታያትም። ቁጭ ብለሽ «እኔም ልታሰር እችላለሁ» በያት። ምናልባት ይህን በግልጽ የነገራት ሰው የለም።

(ይህች እህት ቃሏን ከመስጠቷ በፊት ጠበቃ አነጋግራለች። አልዋሸችም። ወንድሟ እስካሁን አኩርፏታል። ደውዬ ስጠይቃት «ግን እንቅልፍ ወስዶኛል» ብላኛለች። እኔም በበኩሌ ኩራት ተሰምቶኛል።)

«ተኝቼ ተነስቼ ነው የተያዝኩት»

«ውድ ጋሼ፣ ነርስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መጠጣት አቆምኩ። መኪናዬን ትቼ በታክሲ ገባሁ። ተኛሁ። ጠዋት ቡና ጠጥቼ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ፣ ሌላ ሰው አድርሶኝ መኪናዬን ወሰድኩ። 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስነዳ ተያዝኩ። መሣሪያው በ1 ሊትር ደም 0.7 ግራም አልኮል አለ አለ። ይህ እንዴት ይሆናል? መሣሪያው ተሳስቶ ነው? መሥሪያ ቤቴስ ያባርረኛል?»

እህቴ፣ ማታ መኪናሽን ትተሽ መግባትሽ ትክክል ነበር። የተሳሳተው የጠዋቱ ነው፤ ብዙ ጠንቃቃ ሰውም የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ዊድማርክ በ1932 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሥራ ጀምሮ ስሌቱ ይታወቃል። በአማካይ በሰዓት ከ1 ሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ ይቀንሳል። ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል። ቡና ያነቃል እንጂ አልኮሉን አያስወጣም። ቀዝቃዛ ውኃም፣ ላብም ያንን ፍጥነት አይጨምሩም። እንቅልፍ ደግሞ ሰዓቱ ሲያልፍ እንዳይታወቀን ያደርገናል እንጂ ሌላ ሥራ አይሠራም።

አስይው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ 1.6 ግራም ነበረብሽ እንበል። እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 6 ሰዓት ነው። 6 ጊዜ 0.15 ማለት 0.9 ነው። የቀረው 0.7 ነው። ሙሉ በሙሉ ከደምሽ እስኪወጣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። አንቺ ራስሽ የሕክምና ሰው ስለሆንሽ ይህን ለመቀበል አትቸገሪም።

0.7 በአንዱ አገር ያሳስራል፣ በሌላው አያሳስርም። በእንግሊዝ ወሰኑ 0.8 ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮችና ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስኮትላንድ 0.5 ነው። በስዊድንና በኖርዌይ 0.2 ነው። በቼክና በሃንጋሪ ጭራሽ አይፈቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ0.5 እንዳይበልጥ፣ ለአዲስ ሾፌር ደግሞ ከ0.2 እንዳይበልጥ ነው። ያንቺ ወሰን አልፏል ከተባለ ተኝቶ መነሳት መከላከያ አይሆንም። ቅጣት ሲወሰን ግን ማታ መኪናሽን መተውሽን ዳኛው ይስማ። የታክሲውን ደረሰኝ ወይም የስልክ መልእክቱን አስቀምጪ።

ስለ ሥራሽ፦ የሙያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከአሠሪያቸው ሌላ ለፈቃድ ሰጪያቸውም ተጠያቂ ናቸው። በብሪታንያ ነርስ ክስ ሲመሠረትባት ራሷ ለሙያ ምክር ቤቱ በቶሎ ማሳወቅ አለባት። ባንቺም አገር ተመሳሳይ ደንብ ካለ ቀድመሽ አሳውቂ። የሚጠይቁሽ ከመንዳቱ ሌላ አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ሁኔታ ታካሚ ጋ ልትገቢ ነበር ወይ? ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጂ። መልሱ «አዎ፣ ሳላውቅ» ከሆነ እንዲያው ተናገሪ፤ ከእንግዲህ የጠዋት ተራ ሲኖርሽ ማታ ምን እንደምታደርጊም ጨምረሽ ንገሪያቸው።

መሣሪያው ተሳስቷል ብለሽ መከራከር ከፈለግሽ መንገዱ አለ። የትንፋሽ መለኪያ የሚለካው ከሳንባ የሚወጣውን አየር ነው። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል፣ አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያም ጭምር፣ ለጥቂት ደቂቃ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ማስረጃ የሚሆነው ምርመራ ከመደረጉ በፊት ብዙ ቦታ 15 ደቂቃ የሚጠበቀው። ጠበቃሽ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ፦ መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለበትን ቀን የሚያሳይ መዝገብ፣ ከመንፋትሽ በፊት ምን ያህል እንደጠበቁ፣ እና ስንት ጊዜ እንደተለካ። የደም ናሙና ተወስዶ ከሆነም ውጤቱን ይጠይቅ። ጥያቄው ከቀጠሮው ቀን በፊት መግባት አለበት።